ውስጡን ለቄስ፦ ስለማይመቹ የኮምፒውተር ኬዞች

ኒውዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም፣ ብዙዎች ሞማ የሚሉት፣ ከሰበሰባቸው ዕቃዎች መካከል አንድ ገበያ ላይ የወደቀ ኮምፒውተር አለ። ፓወር ማክ ጂ4 ኪዩብ ይባላል። አፕል ይዞት የወጣው ጁላይ 2000 ላይ ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። ጎኑ ስምንት ኢንች ገደማ የሆነ ብርማ ኩብ፣ ወለል አድርጎ በሚያሳይ አክሪሊክ ቅርፊት ውስጥ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ መስሎ ይቆማል። ፋን የለውም፣ ስለዚህ ድምፅም የለውም። ሲዲ የሚተፋው ከላይ ነው፣ ቶስተር ዳቦ እንደሚያወጣው። ዓመት ሳይሞላው፣ ጁላይ 2001 ላይ፣ አፕል ማምረቱን ላልተወሰነ ጊዜ አቆምኩ አለ። እስከዚያ የተሸጠው 150 ሺህ ገደማ ነበር።

ስለ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲጻፍ የሚደጋገም አንድ አባባል አለ፦ ዲዛይነሮቹ ለውበቱ ሲሉ ጥቅሙን ሠዉት። እውነት ነው፣ ግን ሰነፍ እውነት ነው። ጠባብ ጫማንም፣ ወገብ የሚያሳምም ወንበርንም በዚሁ ማብራራት ይቻላል። እኔ መጠየቅ የምፈልገው ሌላ ነው፦ የማይመቸው ለማን ነው? ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ላስቀመጠው ሰው? ከአምስት ዓመት በኋላ ከፍቶ ራም ለሚጨምርለት? ወይስ በውስጡ ማለፍ ላለበት አየር? ኬዝ ሦስት እንግዶች አሉት፤ ዓይን፣ እጅ እና አየር። ዝነኞቹ የማይመቹ ኬዞች ለዓይን አጎብድደው እጅን የረሱ ናቸው ብሎ መደምደም ይቀላል። ጠጋ ብሎ ላያቸው ግን ነገሩ እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ እኛ አገር ይህን ሳጥን ብዙ ሰው የሚጠራው "ሲፒዩ" ብሎ ነው። "ሲፒዩውን አጥፋው"፣ "ሲፒዩውን ከጠረጴዛው ስር አስገባው"። የኮምፒውተር መምህራን ይህን ስህተት ማረም ይወዳሉ፤ ሲፒዩ ማለት ውስጥ ያለችው ትንሿ ቺፕ ናት ይላሉ። ትክክል ናቸው። ስህተቱ ግን አንድ ነገር ይናገራል፦ ሳጥኑን እንደ ራሱን የቻለ ነገር አናየውም ማለት ነው። ስለ ፕሮሰሰሩ እንከራከራለን፣ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ዋጋ እናዝናለን፣ ሳጥኑ ግን ሳጥን ነው። የሚገርመው፣ ከዕቃዎቹ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው የሚችለው እሱ ነው።

ማስረጃው ኤቲኤክስ የሚባለው ስታንዳርድ ነው። ኢንቴል በ1995 አወጣው። ማዘርቦርድ የት የት ቦታ ላይ በብሎን እንደሚታሰር፣ ከኋላ የኬብል መሰኪያዎቹ የሚወጡበት ቀዳዳ ስፋቱ ስንት እንደሚሆን የሚወስን ደረቅ ሰነድ ነው። በዚያ ሰነድ ምክንያት ግን ከሰላሳ ዓመት በኋላም ዛሬ የተመረተ ማዘርቦርድ አንድ ጥግ ላይ በተጣለ የዘጠናዎቹ ኬዝ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ቀዳዳውን አግኝቶ ይገጥማል። ያ የዘጠናዎቹ ኬዝ ደግሞ ምን ይመስል እንደነበር እናውቃለን። ቡላ ቀለም፣ ጠርዙ ያልተሞረደ ላሜራ፣ ሲከፈት የሚንቋቋ። ከፍቶት ጣቱ ያልተቆረጠ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ለዓይን ምንም አልሰጠም፤ እጅንም አድምቷል። አንድ ነገር ግን አልከለከለም፦ ባለቤቱ ነገ ምን እንደሚያስገባበት አስቀድሞ አልወሰነለትም።

ወደ አፕል ልመለስና፣ የኪዩብን የዘር ሐረግ ላንሣ፤ ምክንያቱም ይህ ኩባንያ አንድን ስህተት እንደ አዲስ እየፈጠረ መሥራት ይችልበታል። በ1980 የወጣው አፕል 3 ፋንም የአየር ማስገቢያ ቀዳዳም አልነበረውም። ስቲቭ ጆብስ ጩኸት አልፈልግም ስላለ፣ ሙቀቱ በአሉሚኒየሙ መሠረት በኩል ይወጣል ተብሎ ታሰበ። ማሽኖቹ ተበላሹ፣ ቺፖቹ ከተሰኩበት ላላ አሉ። በሰፊው እንደሚነገረው፣ ኩባንያው ለደንበኞች የሰጠው መፍትሔ ማሽኑን ሦስት ኢንች ያህል አንሥቶ መልቀቅ ነበር፤ ቺፖቹ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ። የኬዙ ዲዛይነር ጥፋቱ የኬዙ አይደለም፣ የማዘርቦርዱ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩ እስካሁን አልተዘጋም። አንሥቶ መልቀቁ ግን ዛሬም ተረት ሆኖ ይኖራል።

ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ፋን አልነበረውም። ለመክፈት ረጅም አንገት ያለው ልዩ ካቻቢቴ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱ ብሎኖች ከላይ በኩል መያዣው ውስጥ ጠልቀው ተደብቀዋል። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበር፣ ውስጡ ያለው የስክሪን ቱቦ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል። የሚገርመኝ ግን ሌላ ዝርዝር ነው። የሠሩት ሰዎች ፊርማቸውን ፕላስቲኩ ላይ አሳርፈዋል፤ ከውስጥ በኩል። አርቲስት ሥዕሉን ይፈርማል እንደሚባለው። ሥዕሉን የገዛው ሰው እንዳያየው በተደረገበት በኩል ነው የፈረሙት። ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ ደግሞም ያበሳጨኛል፤ ሁለቱም ስሜት ልክ ይመስለኛል።

የዘጠናዎቹን ኳድራ 800 እና ተከታዮቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ራም ለመጨመር ማዘርቦርዱን ራሱን ነቅሎ ማውጣት የግድ ነበር። ማለትም ጣሪያ ላይ አምፖል ለመቀየር ጣሪያውን ማፍረስ። እነዚህ ኬዞች ቆንጆ እንኳን አልነበሩም። ስለዚህ "ውበት ጥቅምን አሸነፈው" የሚለው ሰነፍ ማብራሪያ እዚህ ላይ ሥራ ይፈታል።

እንደገና፣ ይኸው ኩባንያ ጃንዋሪ 1999 ላይ ሰማያዊና ነጩን ፓወር ማክ ጂ3 አወጣ። ጎኑ ላይ ያለችውን ቀለበት ሳብ ሲያደርጓት ግድግዳው እንደ በር ተከፍቶ፣ ማዘርቦርዱን እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። ብሎን የለ፣ ካቻቢቴ የለ። ራሙም፣ የካርዶቹ ቦታም ፊት ለፊት ተዘርግቶ ይታያል። ያምር ነበርም። ከዚህ ኬዝ በኋላ ነው፣ በዓመት ተኩል ልዩነት፣ ኪዩብ የመጣው። ስለዚህ አላወቁም ነበር ማለት አይቻልም።

አሁን ኪዩብን በደንብ እንየው። የመጀመሪያው አስገራሚ ነገር፣ ለመክፈት ቀላል ነው። ገልብጠው ሲያስቀምጡት ከሥሩ አንዲት እጀታ አለች፤ ጫን ሲሏት ብቅ ትላለች፤ ሳብ ሲያደርጓት የማሽኑ ሆድ እንዳለ ከአክሪሊኩ ውስጥ ወጥቶ ይመጣል። በጣም ደስ የሚል እንቅስቃሴ ነው። ኬዙን እጅ ረስቷል ብሎ መክሰስ ስለዚህ ሐሰት ይሆናል። እንዲያውም ለእጅ የተሠራ ቲያትር አለው።

ከወጣ በኋላ ግን ምን? ተራዎቹን ካርዶች የሚሰኩበት ቦታ የለም። ለግራፊክስ ካርድ አንዲት ቦታ አለች፣ ግን ኩቡ ውስጥ የሚበቃ አጭር ካርድ ካልተገኘ አትጠቅምም። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንኳን አካሉ ላይ አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጡ አልበቃ ስላለ ውጭ፣ ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ በፎቶው ላይ ግን አይታይም። ዋጋው 1,799 ዶላር ሲሆን፣ ካርድ እንደልብ የሚያስገባው ትልቁ ጂ4 ከ1,599 ጀምሮ ይገኝ ነበር። ሰው ሁለት መቶ ዶላር ጨምሮ ያነሰ እንዲያገኝ ተጠየቀ። አይ አለ።

እዚህ ላይ ነው ሁለት የተቀላቀሉ ነገሮችን መለየት ያለብን፦ መከፈት እና መለወጥ። ስለ ኬዝ ስናወራ "ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?" ብለን እንጠይቅና እዚያው እናቆማለን። ኪዩብ ይከፈታል። ሲከፈት የሚያሳየው ግን ያለቀ ነገር ነው። ና ግባ ይላል፣ ሲገቡ የሚቀመጡበት ወንበር የለም። እንግዳን በር ላይ ከመመለስ ይህኛው ይከፋል፣ ለእኔ።

ስለ አየሩም ጥቂት። ኪዩብ የሚቀዘቅዘው ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው፤ ከሥር ቀዝቃዛ ይገባል፣ መሐል ባለው ጭስ ማውጫ በኩል ይወጣል። ብልህ ሐሳብ ነው፣ አናቱ ላይ ወረቀት እስካላስቀመጡ ድረስ። የማብሪያ ቁልፉም እዚያው አናቱ ላይ ነበር፤ የሚጫኑት ሳይሆን የሚነኩት ዓይነት፣ እና ሳይፈልጉ ሲነኩት ማሽኑ እንቅልፍ የሚወስደው። ፊዚክሱ ደግሞ የሚኖሩበትን ከተማ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ራሱ ሲያንስ፣ ያለ ፋን በራሱ ጉልበት ይውጣ የተባለው ሁሉ ይዳከማል። ለዓለም ሁሉ የተሠራ የተባለው ሳጥን አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ፣ ባሕር አጠገብ፣ አቧራ በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው የታሰበው።

ከኪዩብ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ታሪኩ በሌላ ቅርፅ ተደገመ። በ2013 አፕል ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ክብ ማክ ፕሮ አወጣ። ቁመቱ 25 ሴንቲሜትር፣ ወርዱ 17 የማይሞላ። ሰው ወዲያው "የቆሻሻ መጣያው" አለው። ስሙ ልክ ነበር፣ ግን ትችት አይደለም፤ የቆሻሻ መጣያ የሚመስል ጥሩ ኮምፒውተር ሊኖር ይችላል። እንዲያውም ውስጡ ውብ ሐሳብ ነበር። መሐል ላይ ሦስት ጎን ያለው የአሉሚኒየም ምሰሶ ቆሟል። አንዱ ጎን ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ሁለቱ ላይ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ተለጥፈዋል። አናቱ ላይ አንድ ፋን አለ፤ ከሥር እየሳበ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ያቀዘቅዛል። ይህኛውም በቀላሉ ይከፈታል፤ ከኋላ አንዲት መቆለፊያ ያንሸራትቱና ቅርፊቱን ወደ ላይ ማንሣት ነው። ራሙ እዚያው ነው።

ጉዳቱ የነበረው ሦስት ማዕዘኑ ላይ ነው። ሦስት ማዕዘን እኩል የሆኑ ሦስት ጎኖች ይፈልጋል። ስለዚህ ኬዙ ለዓለም የሰጠው ትንቢት አለ ማለት ነው፦ ወደፊት ኃይለኛ ኮምፒውተር ማለት ሁለት መካከለኛ ግራፊክስ ካርዶች ያሉት ይሆናል። ገበያው ወደ ሌላ ሄደ፤ ሰው የፈለገው አንድ ትልቅ፣ ብዙ የሚሞቅ ካርድ ነበር። ያ ካርድ ምሰሶው ላይ ቢለጠፍ አንዱ ጎን ይነድዳል፣ ሌላው ሥራ ይፈታል። በ2016 አፕል የአንዳንዶቹን የተበላሹ ግራፊክስ ካርዶች በነፃ ለመጠገን ተገደደ። ኤፕሪል 2017 ላይ ኃላፊዎቹ ጥቂት ጋዜጠኞችን ጠርተው፣ ለዚህ ኩባንያ ባልተለመደ ቅንነት፣ ክሬግ ፌዴሪጊ ራሳችንን በዲዛይናችን የሙቀት ማዕዘን ውስጥ አስገባን የሚል ነገር ተናገረ። ማሽኑ ግን ሌላ እስኪተካው፣ እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ፣ ገበያ ላይ ቆየ። ቪዲዮና ሙዚቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ውስጡ ያልበቃውን ሁሉ፣ ሃርድ ዲስኩንም ካርዱንም፣ ውጭ በኬብል አንጠለጠሉበት። ትንሿ ጥቁር ማሰሮ በሽቦ ተከበበች።

አፕልን ብቻ እየመታሁ ነው እንዳይባል ወደ ሌላው ሰፈር እንሻገር፤ ጌመሮቹና ራሳቸው ገጣጥመው የሚሠሩት ወዳሉበት። በ2009 ተርማልቴክ ሌቭል 10 የሚባል ኬዝ አወጣ፤ ዲዛይኑን የሠራው የቢኤምደብልዩ የዲዛይን ክፍል ነው። አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ አለ፣ እሱ ላይ ፓወር ሰፕላዩ በራሱ ሳጥን፣ ማዘርቦርዱ በራሱ ሳጥን፣ ሃርድ ዲስኮቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳጥን ተሰቅለዋል። ከሃያ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ኮምፒውተር ሳይሆን አፓርታማ ነው። እኔ እወደዋለሁ፣ ቤቴ ግን አላስገባውም። ስድስት የሃርድ ዲስክ ክፍሎቹ ዛሬ የሚያሳዝኑ ናቸው፤ የአሁኑ ዲስክ እንደ ማስቲካ ጠፍጥፎ ማዘርቦርዱ ላይ ይሰካል። ስድስት ክፍል ቤት ተሠርቶ ልጆቹ ሁሉ ውጭ አገር ሄዱ እንደማለት ነው።

ከዚያ መስታወቱ መጣ። ባለፉት አሥር ዓመታት የጎኑ ግድግዳ መስታወት ያልሆነ ኬዝ ማግኘት እየከበደ ሄዷል። ጎኑ ይሁን፤ አየር በጎን አይገባም። ችግሩ ፊቱም መስታወት ወይም ድፍን ላሜራ ሲሆን ነው። ሦስት ባለ መብራት ፋን ከጀርባው ተደርድሮ፣ ፊት ለፊት መስታወት ተዘግቶበት፣ በጣት ስፋት ክፍተት ብቻ እንዲተነፍስ ይደረጋል። አፍንጫውን ይዞ ሩጥ እንደማለት። እንደ ጌመርስ ኔክሰስ ያሉ ገምጋሚዎች ፊቱን ገጥመውና አውልቀው ሙቀቱን መለካት ልማድ አደረጉት። ኩባንያዎቹም ሰሙ፤ ኤንዜድኤክስቲ ፊቱ ድፍን ለነበረው ኤች510 ኬዙ ፊቱ የተበሳሳ "ፍሎው" የሚባል ወንድም ሠራለት። ትችት አንዳንዴ ላሜራ ይበሳል።

ይኸው ኩባንያ ኤች1 በሚባለው ትንሽ፣ ቀጥ ብሎ በሚቆም ኬዙ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ግራፊክስ ካርዱን ለማዞር ውስጡ ከተገጠመው ማገናኛ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን መስመር እየነኩ እሳት ሊያስነሡ እንደሚችሉ ታወቀ። መጀመሪያ የናይሎን ብሎን ተላከ። አልበቃም። ፌብሩዋሪ 2021 ላይ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ባለበት ኬዙ በይፋ ተጠራ፣ ማገናኛውም እንዲቀየር ተደረገ። ፊቱ ያምር ነበር፤ ውስጡን ለቄስ።

እንግዳ ቅርፅ ሁሉ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ሲልቨርስቶን ፎርትሬስ 02 በሚለው ኬዙ ማዘርቦርዱን 90 ዲግሪ አዞረው። መሰኪያዎቹ ከኋላ መሆናቸው ቀርቶ ጣሪያው ላይ ወጡ፣ ኬብሉ ሁሉ ከአናት እንደ ፀጉር ወጣ። ሲያዩት ግራ ይገባል። ግን ሦስት ትልልቅ ፋኖች ከሥር ይነፋሉ፣ ሞቃቱ አየር ሊሄድ ወደፈለገበት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ማንኛውም የኤቲኤክስ ማዘርቦርድም ይገባል። እንግዳነቱ ከአየሩ ጋር ተስማምቶ የመጣ ነው እንጂ ከነገ ጋር የተጣላ አይደለም።

አንድ ተቃውሞ አውቃለሁ። "አብዛኛው ሰው ኬዙን አንድም ቀን አይከፍትም፤ ስልኩም ላፕቶፑም የታሸገ ነው፤ ምን ያጨቃጭቃል?" የመጀመሪያው ገዢ አለመክፈቱን እቀበላለሁ። ግን ኮምፒውተር አንድ ባለቤት ብቻ ያለው የት ነው? እኛ ጋ አንድ ዴስክቶፕ ቢሮ ውስጥ አምስት ዓመት ይሠራል፣ ከዚያ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ተማሪ ቤት፣ በመጨረሻ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ይሆናል። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ካቻቢቴ የያዘ አንድ ሰው አለ። ዲዛይነሩ ለዚያ ሰው ቦታ ካልተወለት፣ ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ባለቤት ጋር ይበጠሳል፤ አሥር ዓመት የሚኖር የነበረው ዕቃ በአራት ዓመቱ ብረት ይሆናል። የምናየው ሳጥን ነው፤ የተወሰነው ግን ሦስተኛው ባለቤት ይኑር አይኑር የሚለው ነው።

አፕል በ2019 ትምህርቱን የተማረ መሰለ። አዲሱ ማክ ፕሮ ፊቱ እንደ አይብ መፈቅፈቂያ የተበሳሳ፣ ስምንት የካርድ ቦታ ያለው፣ አናቱ ላይ ያለውን እጀታ አዙረው ቅርፊቱን እንዳለ ወደ ላይ የሚያነሡት ትልቅ ሳጥን ነበር። አየር ይገባል፣ እጅ ይገባል፣ ካርድ ይገባል። ሰው ያሾፈው በጎማዎቹ ነው፦ ጎማ የሚፈልግ ሲያዝ 400 ዶላር ይጨምር ነበር፣ ጎማዎቹም ፍሬን አልነበራቸውም። ሹፈቱ ይገባቸዋል፣ ኬዙ ግን ምናልባት ከሠሯቸው ሁሉ ምርጡ ነው።

በ2023 ያንኑ ኬዝ ሳይቀይሩ ኤም 2 አልትራ የሚባለውን የራሳቸውን ቺፕ አስገቡበት፤ መነሻ ዋጋው 6,999 ዶላር። ራሙ ከቺፑ ጋር የተዋሃደ ነው፤ በኋላ መጨመር የለም። የካርድ ቦታዎቹ አሁንም አሉ፣ የግራፊክስ ካርድ ግን አይቀበሉም። ያው ቺፕ ማክ ስቱዲዮ በሚባለው፣ በሁለት እጅ በሚታቀፍ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ያኔ ከ3,999 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ትልቁን የገዛ ሰው እጀታውን አዙሮ፣ ያንን ውብ ቅርፊት ወደ ላይ አንሥቶ ሲመለከት፣ የሚያየው አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው። ጎማዎቹም ያኔም 400 ዶላር ነበሩ።